ልጆችና የቤት ኮተት
በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር




የዝግጅት ኮሚቴው «ቤትና ነዋሪው» በሚል ርእስ ንግግር እንዳዘጋጅ በጠየቀኝ ጊዜ፣ መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ወለል ስፋትና ስለ ክፍሎች አደላደል ለመናገር ነበር። ብዙዎቻችሁም ይህንኑ ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። ነገር ግን ጽሑፉን ስጀምር፣ ቤትን የሚያጣብበው ግድግዳው ብቻ ሳይሆን በውስጡ የሚከማቸው ዕቃ ጭምር መሆኑን፣ ከዚህም ዕቃ ውስጥ ወላጅን ይበልጥ የሚያስቸግረው የልጆች ንብረት መሆኑን ተገነዘብሁ። በዚህም ረገድ እኔ ራሴ የሠራሁት ስሕተት ስላለ፣ ስለ ሌላ ነገር መናገሩን ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም።

ስለሆነም የዛሬው ንግግሬ፣ ልጆች ከማያስፈልጋቸው ዕቃ ጋር ሳይጎዱ እንዲለያዩ እንዴት ልንረዳቸው እንደምንችል የሚመለከት ይሆናል። ጉዳዩ ለመሐንዲሶች ጉባኤ ያነሰ መስሎ የሚታየው ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ኮተት የሚባለው ምንድን ነው?

ለዚህ ነገር የሚሆን ቃል በቋንቋችን አላነሰም። ኮተት እንላለን፤ ግሳንግስ እንላለን። ሁለቱም የንቀት ቃሎች ናቸው። ይሁን እንጂ በተፈጥሮው ኮተት ሆኖ የተሠራ ዕቃ የለም። አንድ ዕቃ ኮተት የሚሆነው ካለበት ቦታና ከሚጠበቅበት አገልግሎት አንጻር ነው። እናቶቻችን ባዶውን የወተት ቆርቆሮ ለጨው፣ የዘይቱን ጀሪካን ለውሃ መቅጃ፣ ያረጀውን ነጠላ ለሕፃን መጠቅለያ ያውሉት ነበር። በነሱ ቤት ያልተጣለ ዕቃ ሁሉ ሥራ ይጠብቀው ነበር ለማለት ይቻላል። ከዚህም በላይ ዕቃውን የሚያሳድሩበት ጓዳና ቆጥ፣ አልፎም ጓሮ ነበራቸው።

ዛሬ ይህ ሁኔታ በሁለት በኩል ተለውጧል። በአንድ በኩል ቦታው ጠቧል። እንደምታውቁት በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በአዲስ አበባ በስፋት የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም፣ ባለአንድ መኝታውን ቤት ከ20 እስከ 30፣ ባለሁለት መኝታውን ደግሞ ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር እንዲሆን ያቀደ ነበር። በዚህ ስፋት ውስጥ ቆጥ የለም፤ ጓሮም የለም። በሌላው በኩል ዕቃው በዝቷል። እኛ በልጅነታችን የምንጫወተው በቆርኪና በብይ፣ በካልሲ ኳስና ራሳችን ጠምዝዘን በሠራነው የሽቦ መኪና ነበር። ዛሬ ከመርካቶ በርካሽ የሚገዛው የፕላስቲክ መጫወቻ በልደት ቀን ተሰጥቶ በሳምንቱ ይሰበራል። ከተሰበረም በኋላ ቤቱን አይለቅም።

እኛ መሐንዲሶች የቤት ዕቃን የምናውቀው በክብደቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የአገራችን የሕንፃ ደንብ፣ ለመኖሪያ ቤት ወለል በአንድ ካሬ ሜትር 2 ኪሎ ኒውተን፣ ይኸውም ወደ 200 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ተንቀሳቃሽ ጭነት እንድናስብ ያዘን ነበር። ሰውም፣ ዕቃም በዚሁ አኀዝ ውስጥ ይጠቃለላል። በስሌት ወረቀታችን ላይ የልጅ ካርቶን ከባዶ ካርቶን የሚለየው በጥቂት ኪሎ ግራም ብቻ ነው። እኔም በገዛ ቤቴ ውስጥ ነገሩን ያየሁት በዚሁ ዓይን ነበር።

የራሴ ስሕተት

በ2014 ዓ.ም. ቤተሰቤ ከቆየበት የኪራይ ግቢ ወጥቶ፣ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ወደሚገኝ ባለሁለት መኝታ ቤት ገባ። የመጀመሪያዋ ልጄ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ከአልጋዋ ሥር አንድ ትልቅ ካርቶን ነበራት። ላይ ላዩን ሲታይ ቆርኪ፣ የተሰበረ የመኪና ጎማ፣ የከረሜላ ወረቀት፣ የደረቀ እስክሪብቶ፣ ራስ የሌላት አሻንጉሊትና የመሳሰለው የሞላበት ነበር። ቤት ከመለወጣችን በፊት ደጋግሜ «ይህን ነገር እንጣለው» ባልኋት ቁጥር ካርቶኑን ታቅፋ ታለቅስ ነበር።

እኔም ነገሩን በአጭሩ ለመጨረስ ወሰንሁ። አንድ ቅዳሜ ቀን ልጄን ወደ አያቷ ቤት ላክኋት። «ቆራሌው!» እያለ በሰፈራችን የሚያልፈውን ሰው ጠርቼ፣ አሮጌውን ብረታ ብረትና ጠርሙሱን ስሸጥለት ካርቶኑንም እንዳለ አስረከብሁት። ለካርቶኑ የተለየ ዋጋ አልጠየቅሁም፤ እሱም አልጨመረልኝም።

ልጄ ማታ ስትመለስ በቀጥታ የሄደችው ወደ አልጋዋ ነበር። «አባዬ፣ ካርቶኔስ?» አለችኝ። የማይረባ ነገር ስለሆነ መሸጡን፣ በምትኩም አዲስ አሻንጉሊት እንደምገዛላት ነገርኋት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «የአባባ ሜትርስ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እዚህ ላይ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልገኛል። አባቴ ዕድሜያቸውን በግንበኝነት ያሳለፉ ሰው ነበሩ። በመጨረሻዎቹ ወራት ወደ ቤታችን በመጡ ቁጥር ልጄን በበሩ መቃን ላይ አስደግፈው ቁመቷን ይለኩ ነበር። የሚለኩበትም ሞላው ተሰብሮ አልጠቀለል ያለ፣ ከሥራ ዘመናቸው የቀረ የብረት ሜትር ነበር። በመጨረሻ ጊዜ ሲለኳት 1 ሜትር ከ12 ላይ በእስክሪብቶ ጭረት አድርገው፣ ሜትሩን ለራሷ ሰጥተዋት ኖሯል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ይሁን እንጂ አለማወቄ ምክንያት ሊሆነኝ አይችልም። ካርቶኑን ከፍቼ አላየሁትም፤ በውስጡ ምን እንዳለም አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።

ሰኞ ዕለት ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ወደ ምናለሽ ተራ ሄድሁ። ቦታውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከከተማው የተለቀመው ቆርቆሮና ብረት እየተቀጠቀጠ ምድጃና ባልዲ፣ ማጥለያና ሳጥን ሆኖ የሚወጣበት ነው። ከአንዱ ክምር ወደ ሌላው እየዞርሁ እስከ ቀትር ድረስ ፈለግሁ። አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ምን እንደምፈልግ ጠይቀውኝ ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ እዚህ የገባ ብረት በማግሥቱ ሌላ ነገር ነው» አሉኝ። ሜትሩ አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። በቤታችን ያለው ኮተት አልቀነሰም፤ ጨመረ። ልጄ የከረሜላ ወረቀት ሳይቀር በትራሷ ልብስ ውስጥ መደበቅ ጀመረች። ወደ አያቷ ስትሄድ ንብረቷን በሙሉ በቦርሳ ይዛ መሄድ ፈለገች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ሳታስቀምጥ በፊት ዕቃዋን ትቆጥር ነበር። ታናሽ ወንድሟ አንዲት ቆርኪ ቢነካባት ትጮኽ ነበር። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደሚባለው፣ እኔም ግማሽ ካሬ ሜትር ቦታ አተርፋለሁ ብዬ የልጄን እምነት ጣልሁ። ይህንን እምነት መልሶ መገንባት ከሁለት ዓመት በላይ ወስዶብኛል።

ልጅ ከዕቃው ጋር ያለው ዝምድና

ይህ ከደረሰብኝ በኋላ የአእምሮ ጠበብት ስለ ጉዳዩ የጻፉትን ማንበብ ጀመርሁ። ካገኘሁት ውስጥ ጥቂቱን ብቻ እጠቅሳለሁ።

የእንግሊዙ የሕፃናት ሐኪም ዶናልድ ዊኒኮት እ.ኤ.አ. በ1951 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ሕፃን ከእናቱ ጥቂት በጥቂት ራሱን ችሎ ሲለይ፣ አንዲት ቁራጭ ብርድ ልብስ ወይም አሻንጉሊት መሸጋገሪያ እንደምትሆነው አስረድቷል። ዕቃዋ ብትቆሽሽና ብትሸት እንኳ እናትየዋ ሳታጥባት የምትተወው፣ ለልጁ ያላት ዋጋ በዚያው እንደ ነበረች በመቆየቷ ላይ ስለሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ብሩስ ሁድና ፖል ብሉም ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አስደንቆኛል። ከ3 እስከ 6 ዓመት ለሆናቸው ልጆች፣ ማናቸውንም ዕቃ አባዝቶ ያወጣል የተባለ የማስመሰያ ሳጥን አሳዩአቸው። ልጆቹ ተራውን መጫወቻ በደስታ ያስገቡ ነበር። አብሯቸው የሚተኛውን የሚወዱትን ዕቃ ግን አንዳንዶቹ ጭራሽ ለማስገባት እምቢ አሉ፤ ካስገቡትም ውስጥ ብዙዎቹ መልሰው ለመውሰድ የመረጡት ቅጂውን ሳይሆን የቀድሞውን ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ፣ ለልጄ ካሳ ይሆናት ዘንድ የገዛሁላት ባለ አምስት ሜትሩ አዲስ ሜትር ለምን ጠረጴዛ ላይ እንደ ቀረ ገባኝ። «እግዜር ይስጥልኝ አባዬ» ብላ ተቀብላኝ ነበር፤ በዕቃዋ መካከል ግን አላስቀመጠችውም።

ይህ የልጅነት ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዳንኤል ካነማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥቂት ቀደም ብሎ የተሰጣቸውን የሻይ ኩባያ ለመሸጥ የጠየቁት ዋጋ፣ ኩባያው ያልደረሳቸው ለመግዛት ከፈቀዱት እጥፍ ያህል ነበር። እንግዲህ ዕቃ የእኔ ከተባለበት ደቂቃ ጀምሮ ዋጋው በባለቤቱ ዓይን ይለወጣል ማለት ነው።

በሌላው በኩል ዕቃ መቀነሱ ልጆችን የሚጠቅም መሆኑም የታወቀ ነው። በአሜሪካ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተካሄዶ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ 36 ሕፃናት አንድ ጊዜ በ4፣ ሌላ ጊዜ በ16 መጫወቻ መካከል ሲጫወቱ ታይተዋል። መጫወቻው 4 ብቻ በሆነ ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜና በልዩ ልዩ መንገድ ተጫውተዋል። ስለዚህ ዓላማችን ትክክል ነው። የሚያሳስተን መንገዳችን ነው።

ምን ማድረግ ይገባል?

ከንባቡና ከቤቴ ልምድ ያገኘሁትን በሚከተለው ተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የልጅን ዕቃ በሌለበት አለማንሣት ነው። ይህ ደንብ ከሌሎቹ ሁሉ ይቀድማል። ልጅ በሌለበት የተጣለ ዕቃ የሚያስተምረው ቤቱ የማያስተማምን መሆኑን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የቦታውን ልክ ወላጅ፣ የዕቃውን ምርጫ ልጅ ይወስን። እኛ ቤት ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ሳጥን አሠርተናል። ሳጥኑ እንደማይሰፋ፣ በደረጃውም ላይ ሆነ በሰገነቱ ላይ ዕቃ እንደማይቀመጥ አስቀድመን ተነጋግረናል። በእሳት ጊዜ ደረጃው የሁላችን መውጫ መሆኑን ለልጆቹ ስነግራቸው ያለ ክርክር ተቀብለውታል። ከሳጥኑ ውስጥ ግን ምን እንደሚገባና ምን እንደሚወጣ የሚያዙት እነሱ ናቸው። ሳጥኑ ሲሞላ የሚከራከሩት ከኔ ጋር ሳይሆን ከሳጥኑ ጋር ነው።

ሦስተኛ፣ ከቀላሉ መጀመር ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን የምትወደውን አሻንጉሊት «ተይው» የተባለች ልጅ ሁለተኛ ወደ ሥራው አትመለስም። የጠበበ ጫማ፣ የደረቀ እስክሪብቶ፣ ያለቀ ደብተር ይቅደም። ውሳኔ መስጠትም እንደ ማንኛውም ሙያ በልምምድ የሚገኝ ነው።

አራተኛ፣ «ይቆይ» እና «ይሂድ» ከሚሉት ሁለት መልሶች ሌላ ሦስተኛ መኖር አለበት። ልጁ ያመነታበትን ዕቃ በአንድ ካርቶን አድርገን ቀኑን ጽፈንበት ለሦስት ወር እናቆየዋለን። በዚህ ጊዜ ውስጥ ልጁ ከፈለገው ያለ ጥያቄ ይመለስለታል። ሦስት ወሩ ሲሞላ ካርቶኑን አብረን እንከፍታለን፤ ያን ጊዜም ቢሆን ፈቃዱ ይጠየቃል። አብዛኛው ዕቃ በዚህ መንገድ ያለ ዕንባ ወጥቷል።

አምስተኛ፣ ልጁ ዕቃው የሚሄድበትን ስፍራ ይወቅ። «ለድኻ ይሰጣል» ማለት ለልጅ ባዶ ቃል ነው። ለአክስቷ ልጅ የተሰጠውን ጫማ እግሩ ላይ ስታየው ግን ነገሩ ይገባታል። ከቆራሌው ጋርም ልጄ ራሷ ተከራክራ ትሸጣለች፤ ገንዘቡም የሷ ነው። አንድ ጊዜ ወደ ምናለሽ ተራ ይዣት ሄጄ ቆርቆሮው ምድጃ ሲሆን አሳይቻታለሁ። ብዙ ጠየቀች፤ ስለ ሜትሩ ግን አላነሣችም፤ እኔም አላነሣሁባት።

ስድስተኛ፣ ጨርሶ የማይጠየቅ ዕቃ መኖሩን እንወቅ። የሞተ ዘመድ መታሰቢያ፣ ልጁ በሕመም ወይም በፍርሃት ጊዜ የታቀፈው ነገር ከቍጥር ውጭ ነው። ይህንንም የምናውቀው በመገመት ሳይሆን «ይህ ምንድን ነው? ማን ሰጠሽ?» ብለን በመጠየቅ ነው። ልጄ ስለ አንዲት ቆርኪ ሩብ ሰዓት ስትነግረኝ ቆይታ፣ በመጨረሻው «በቃ፣ አሁን ትሂድ» ያለችበት ጊዜ አለ። ለካስ የሚያስፈልጋት ታሪኩን የሚሰማላት ሰው ነበር።

ሰባተኛና የመጨረሻው፣ ወላጅ ከራሱ ይጀምር። ይህን ያስተማረችኝ ልጄ ናት። ሳጥኗን ስናጣራ ከቁም ሣጥኑ ላይ ወዳሉት ሁለት ካርቶኖች እያሳየች፣ «አባዬ፣ ያንተስ?» አለችኝ። በውስጣቸው ያለው የዩኒቨርሲቲ ደብተሬና የተማሪነት ንድፎቼ ናቸው። ከተመረቅሁ ጀምሮ ከፍቻቸው አላውቅም። አንድ ቀን ያስፈልጉኛል ብዬ ልመልስላት ጀመርሁና አፈርሁ፤ እሷም ስለ ቆርኪዎቿ የምትለኝ ይህንኑ ነበርና። አብረን ከፈትናቸው። አንዱ ካርቶን ወጣ። ሁለተኛው ለሦስት ወር እንዲቆይ ልጄ ፈቀደችልኝ።

እነዚህን ሁሉ በየቀኑ መሥራት አይቻልም። እኛ የመረጥነው ጳጉሜን ነው። እናቶቻችን ለዘመን መለወጫ ቤት የሚያጸዱባቸው አምስት ወይም ስድስት ቀኖች፣ ለዚህ ሥራ የተመደቡ ያህል የተመቹ ናቸው።

ስለ ወላጅ ሥልጣን

ባልደረቦቼ ሆይ፣ ይህን ለአንዳንድ ወዳጆቼ ባወራሁ ጊዜ፣ «ልጅን ፈቃድ እየጠየቁ ማሳደግ ማቅበጥ ነው፤ እኛ ማን ጠይቆን አደግን?» ያሉኝ አሉ። አስተያየቱን አልንቀውም። ወላጅ የቤቱ ኃላፊ መሆኑ የማይካድ ነው። የሳጥኑን ልክ የወሰንሁት እኔ ነኝ፤ በሱም ላይ ድርድር የለም። ነገር ግን ልክ መወሰንና መንጠቅ አንድ አይደሉም። እኛ ያልተጠየቅን ልጆችም ያልተጠየቅንበትን ዕቃ እስከ ዛሬ አለመርሳታችንን እያንዳንዳችን ራሳችንን ብንመረምር እናገኘዋለን። ተጠይቆ የሰጠ ልጅ መስጠትን ይለምዳል፤ የተነጠቀ ልጅ መደበቅን ይለምዳል። ይህን በገዛ ቤቴ በሁለቱም በኩል አይቼዋለሁ።

ማጠቃለያ

ለሙያችን የሚሆነውን አንድ ሐሳብ አንሥቼ ልጨርስ። አነስተኛ ቤት በምንነድፍበት ጊዜ ለዕቃ ማኖሪያ የሚሆን ቦታ፣ ከመተላለፊያው በላይ ያለች ቆጥም ብትሆን፣ ከመጀመሪያው ንድፍ ላይ እንድትገባ ብናደርግ ለብዙ ቤተሰብ ዕረፍት እንሰጣለን። ከዚህ በተጨማሪ፣ አሮጌ ቤት ለማፍረስም ሆነ ለማደስ በምንሄድበት ጊዜ፣ «ይህ ይነሣ» ከማለታችን በፊት በቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ምን እንደ ሆነ መጠየቅን ልማድ እናድርግ። ለኛ ቁራጭ የሚመስለን ነገር፣ የአንድ ሰው ልኬት የተጻፈበት ሊሆን ይችላል።

የአባቴን ሜትር አላገኘሁም፤ የማገኘውም አይመስለኝም። ይህን ለልጄ ነግሬ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ባለፈው ጳጉሜን ግን ከጠረጴዛው ላይ የቆየውን አዲሱን ሜትር አንሥታ፣ ታናሽ ወንድሟን በበሩ መቃን ላይ አስደግፋ ስትለካው አየሁ። 1 ሜትር ከ6 ሆነ። በእርሳስ ጭረት አድርጋ ቀኑን ጻፈችበት። ሜትሩን የት እንዳስቀመጠችው አልጠየቅኋትም።